እንድርድሪት እና ግጭት

እንድርድሪት (ሞመንተም) በፊዚክስ ጥናት የአንድ ተንቀሳቃሽ አካል ግዝፈት በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኝ መጠን ነው። ፍጥነት አቅጣጫ ስላለው እንድርድሪትም አቅጣጫ አለው። መለኪያው ኪሎግራም ሜትር በሰከንድ ነው።

እንድርድሪት = ግዝፈት × ፍጥነት

አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጉልበትን የእንድርድሪት ለውጥ ምክንያት አድርጎ ገለጸው።

የእንድርድሪት አለመለወጥ

ከውጭ ጉልበት እስካልመጣባቸው ድረስ የአካላት ጠቅላላ እንድርድሪት አይለወጥም። በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ ጀልባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። 200 ኪሎግራም የሚመዝን ጀልባ ቆሞ ሳለ 50 ኪሎግራም የሚመዝን ተሳፋሪ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ወደ ዳር ቢዘል፣ የተሳፋሪው እንድርድሪት 100 ይሆናል። ጠቅላላው መጀመሪያ ዜሮ ስለነበር ጀልባው በተቃራኒው አቅጣጫ እኩል 100 ያገኛል፤ ስለዚህ በሰከንድ 0.5 ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ያልታሰረ ጀልባ ላይ የሚወርድ ሰው ውኃ ውስጥ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

የግጭት ዓይነቶች

በማናቸውም ግጭት ጠቅላላ እንድርድሪት እንዳለ ይቆያል። የእንቅስቃሴ አቅምም ሳይቀንስ ከቀረ ግጭቱ ነጣሪ ይባላል፤ የብይ ግጭት ለዚህ ይቀርባል። የአቅሙ ከፊል ወደ ሙቀት፣ ድምፅና መጨማደድ ከተለወጠ ኢነጣሪ ይባላል።

ለምሳሌ 7600 ኪሎግራም የሚመዝን የጭነት መኪና በሰከንድ 10 ሜትር (በሰዓት 36 ኪሎሜትር) ሲጓዝ፣ ቆሞ ከነበረ 400 ኪሎግራም ባጃጅ ጋር ቢጋጭና ተጣብቀው ቢሄዱ፦

76000 ÷ 8000 = 9.5 ሜትር በሰከንድ

የመኪናው ፍጥነት የቀነሰው በ0.5 ብቻ ሲሆን የባጃጁ ግን ከዜሮ ወደ 9.5 ዘሏል። ሁለቱ ያረፈባቸው ጉልበት እኩል ቢሆንም፣ በቀላሉ አካል ውስጥ ያለ ሰው የበለጠ የሚጎዳው ስለዚህ ነው።

የግጭት ጊዜ

አንድ ዓይነት የእንድርድሪት ለውጥ ረዘም ባለ ጊዜ ከተከናወነ ጉልበቱ ያንሳል። በወንጪ ቁልቁለት ከፈረስ ዘሎ የሚወርድ ሰው ጉልበቱን አጠፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው። የመኪና ቀበቶና የራስ ቁር የሚሠሩትም በዚሁ ሕግ ነው፤ ለውጡን አያስቀሩትም፣ ጊዜውን ግን ያራዝሙታል።