ቸልተኛ ነጂና የደም ዕዳ

እንደ ሮብ ገበያ ባለች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ገበያተኛውና አውቶሞቢሉ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ሰው የተገደለ እንደ ሆነ ሽማግሎች ካሣ አስከፍለው ደም ማድረቃቸው የቆየ ልማድ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ዐውቆ የገደለውን ሳያውቅ ከገደለው ይለያል። ዳሩ ግን ሞትን ያልፈለገ፣ መጠንቀቅ ግን የተገባው ነጂ ከሁለቱ መካከል ይቆማል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቸልተኝነት መግደልን ወንጀል አደረገው። የ1996ቱ ሕግ በ543ኛው አንቀጽ ነጂን ከሐኪም ጋራ አንድ አድርጎ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወሰነበት፤ ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ወይም ሰክሮ የገደለውን ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። እንግዲህ ዕርቅ የሟችን ወገን ከበቀል ይመልሳል እንጂ ነገ የሚያልፈውን መንገደኛ አይጠብቅም። ስለዚህ ካሣው ለቤተ ሰቡ፣ ክሱ ለሕዝቡ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።