ባለቤት ያለው ጫካ

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ በስተምዕራብ፣ ቢታ ገነት የምትባል ከተማ አለች። ስሟን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የኦሪቱ ገነት ነው። አዳም እዚያ የገባው ፍሬ እየበላ ሊቀመጥ ብቻ አልነበረም፤ የመንከባከብና የመጠበቅ አደራም ነበረበት። ለካ ገነትም ጠባቂ ያስፈልጋታል!

ስለ ካፋ ጫካ ሲወራ ግን ጠባቂው ይረሳል። «የሰው እጅ ያልነካው ድንግል ደን» እንላለን። ለቱሪስት መጽሔት ያምር ይሆናል፤ ለታሪክ ግን ልክ አይደለም። የካፋ ጫካ ባለቤት የነበረው ጫካ ነው።

በካፋ «ኮቦ» የሚሉት ነባር ሥርዓት አለ። አንድ ቤተሰብ ከጫካው ውስጥ ድርሻው ይታወቅለታል። ቀፎ ይሰቅልበታል፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቅምበታል፣ ለልጆቹም ያወርሰዋል። ጎረቤቱ ድንበሩን ያውቃል፤ ያከብራልም። የነጩ ማር ምንጭ የጌተም አበባ ነውና ማር የሚቆርጥ ሰው ጌተሙን አይቆርጥም። «ጉዶ» የሚባሉት የተከበሩ ጫካዎች ደግሞ አሉ፤ እዚያ መጥረቢያ ማንሳት ከነውርም አልፎ ድፍረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ መንግሥቱ አበቃ፤ ሕዝቡም ለአዲስ ሹማምንት ገባር ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ገባሩን ነፃ ማውጣቱን ማንም አይክድም። ለኮቦ ግን ቦታ አልነበረውም። ጫካው በወረቀት የሁሉም፣ በተግባር የማንም ሆነ። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እዚህ ግን ባለቤቱ ተንቋልና አጥሩ ተነቀነቀ፤ አንዴ ለሰፈራ፣ አንዴ ለሻይ ልማት፣ አንዴ ለቡና እርሻ እየተባለ ጫካው ተመነጠረ።

ሕጋችን ይህን ለማየት ብዙ ዘግይቷል። የ1999 ዓ.ም.ቱ የደን አዋጅ የሚያውቀው ሁለት ባለቤት ብቻ ነበር፦ መንግሥትንና ግለሰብን። ማኅበረሰብም የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል በግልጽ የተጻፈው በ2010 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 1065 ነው። በቦንጋ አካባቢ ግን ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር እየተዋዋሉ ደን ማስተዳደር የጀመሩት ከዚያ ብዙ ዓመታት ቀድመው ነው። ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የካፋ ምድር በባዮስፌርነት ሲመዘግብ፣ ደኑን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚኖረውንም ሰው አብሮ መመዝገቡ ነው።

የጥንቱ ሥርዓት ሁሉ ወርቅ ነበር አልልም። ጫካውን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ በአደን ሲኖሩ የቆዩት ማንጆዎች ናቸው። እነሱ ግን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። ዛሬ ጫካውን ለማኅበረሰቡ እንመልስ ስንል ማንጆውን ከማኅበሩ ደጅ ካቆምነው፣ የቆየውን በደል በአዲስ ማኅተም ማጽደቃችን ነው።

በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ቁጥር እናውጃለን። መትከሉ መልካም ነው። ግን የቆመውን ማን ይጠብቀው? ጫካው ነገ የልጁ እንደሚሆን ያላመነ ሰው ቀፎውን አውርዶ መጥረቢያውን ቢያነሳ፣ በምን አፋችን ነው የምንፈርድበት?