የአንድ ጋሻ ለባሽ እንስሳ ስምና ወገን

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። በሥነ ሕይወት ሳይንስ ግን ስም የሚወጣው በሕግ ነው። ሕጉም እያንዳንዱን ስም ከአንድ ከተወሰነ ናሙና ጋር ያቆራኘዋል፤ ናሙናው የማን እንደ ሆነ ሲረጋገጥ ስሙም የዚያው እንስሳ ይሆናል። ይህ ደንብ ምን ያህል ጥብቅ እንደ ሆነ፥ ጥብቅነቱም ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት ስኬሊዶሳውረስ የተባለውን ዳይኖሰር ታሪክ መመልከት ይበቃል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ፥ ቻርመዝ በተባለው የባሕር ዳር መንደር አጠገብ፥ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል የድንጋይ ካባ ባለቤት ነበረ። ይህ ሰው በ1858 ዓ.ም. ከገደሉ ውስጥ የአጥንት ስብርባሪዎችን አገኘና በዘመኑ ስመ ጥር ወደ ነበረው የሥነ አካል ሊቅ ወደ ሪቻርድ ኦወን ላከ። «ዳይኖሰር» የሚለውን ቃል በ1842 ለዓለም ያስተዋወቀው ይኸው ኦወን ነው። ኦወን በ1859 ለወገኑ ስኬሊዶሳውረስ የሚል ስም ሰጠው፤ በ1861 ለዝርያው ሃሪሶኒ የሚል ቅጥያ ጨመረ፤ በ1863ም ከዚያው ገደል የወጣውን፥ ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነውን ዐፅም ገለጸ። ዳይኖሰሮች ሁሉ ከስብርባሪ በሚታወቁበት በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዐፅም እጅግ ብርቅ ነበረ። ሆኖም ኦወን የእንስሳውን ሙሉ ቁመና ሳይሠራና ዝምድናውን በጥልቀት ሳይመረምር ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

ችግሩ የተፀነሰው ከዚሁ ነው። ኦወን በ1861 የገለጻቸው አጥንቶች ከአንድ እንስሳ ብቻ የተገኙ አልነበሩም። በ1888 ሪቻርድ ሊደከር ከመካከላቸው አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ መርጦ የስሙ መያዣ ናሙና አደረገው። ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1968 ባርኒ ኒውማን ያ ጉልበት የጋሻ ለባሹ ሳይሆን በሁለት እግሩ ይሄድ የነበረ የአንድ ሥጋ በል ዳይኖሰር መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ ደንቡ እንደ ቃሉ ቢፈጸም፥ ስኬሊዶሳውረስ የሚለው ስም ለሥጋ በሉ ሊሰጥና ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ስም ሲጠራ የኖረው ዐፅም ስም አልባ ሊሆን ነበር።

ሊቃውንቱ ደንቡን በቸልታ ማለፍ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ኒውማንና አላን ቻሪግ በ1992 ለዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አወጣጥ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ፤ ኮሚሽኑም በ1994 ስሙ ከጉልበቱ ተነሥቶ ከዐፅሙ ጋር እንዲቆራኝ ወሰነ። ስለዚህ ደንቡ ሳይጣስ፥ የተለመደውም ስም ሳይጠፋ ነገሩ በግልጽ ሥርዓት ተቋጨ።

የስሙ ጉዳይ እንዲህ ቢያልቅም የዝምድናው ጥያቄ ገና ነበረ። ርዝመቱ አራት ሜትር ያህል የነበረው ይህ ዕፀ በል፥ ከ190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረና ሰውነቱ በረድፍ በተደረደሩ የአጥንት ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነበረ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች በጀርባቸው ቋሚ ሰሌዳ ካላቸው ከስቴጎሳውሮች ጋር፥ ሌሎች ደግሞ ሰውነታቸው በጥሩር ከተሸፈነው ከአንኪሎሳውሮች ጋር መደቡት። በ1980ዎቹ ዓመታት፥ የጋራ አዲስ ባሕርያትን በመቁጠር ዝምድናን የሚለየው ዘዴ ሲስፋፋ፥ ሁለቱም ቡድኖች ከመለያየታቸው በፊት ከግንዱ የወጣ ቅርንጫፍ ነው የሚለው አሳብ በረታ። ግንዱ ቲሬዮፎራ ይባላል፤ ትርጉሙም በግሪክ «ጋሻ ያዦች» ማለት ነው፤ ስሙን በ1915 ያወጣው የሀንጋሪው መኰንን ፍራንስ ኖፕቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ክርክር ጊዜ ግን ዐፅሙ ራሱ ተሟልቶ አልተገለጸም ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሮናልድ ክራውቸር የኖራ ድንጋዩን በአሲድ እያሟሟ አጥንቶቹን ቢያወጣም፥ የተሟላው መግለጫ የወጣው ከ2020 እስከ 2021 የካምብሪጁ ዴቪድ ኖርማን አራት ተከታታይ ጥናቶችን ባሳተመ ጊዜ ነው። የእርሱም መደምደሚያ ስኬሊዶሳውረስ ከግንዱ ሳይሆን ከአንኪሎሳውሮች መሥመር መነሻ ላይ የሚቆም ነው የሚል ሆነ። ይህን ምደባ ሁሉም አልተቀበለውም፤ ነገር ግን የሚስማማውም የሚቃወመውም ዛሬ አጥንት በአጥንት ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል።

ለሙያ ባልደረቦቻችን የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ናሙና መሰብሰብ የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፥ በጥንቃቄ ያልተገለጸ ናሙና ለትውልዶች ግምት ምክንያት ይሆናል። ኦወን ጀምሮ የተወውን ሥራ ሌሎች ለመፈጸም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ ሊፈጽሙት የቻሉትም ቤተ መዘክሩ ዐፅሙንም፥ ያን አሳሳች ጉልበትም፥ ሁለቱንም ሳይጥል ጠብቆ ስላቆየላቸው ነው።