የውሳኔ ሰዓት በፖርትሬት ፎቶግራፍ

የውሳኔ ሰዓት ፖርትሬት የሚባለው አንድ ሰው ከባድ ጉዳይ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ወይም ቁርጡን ሲለይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። ሐሳብ በሌንስ አይያዝም። ፎቶ አንሺው የሚያገኘው የትከሻ አጣጣል፣ የእጅ አቀማመጥ፣ የአንገት ማቀርቀርና የብርሃን አወዳደቅ ብቻ ነው፤ ውሳኔውን ከራሱ የሚጨምረው ተመልካቹ ነው። አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀው «ወሳኝ ቅጽበት» ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ወሳኙ መቼ እንደሚያነሣ የሚመርጠው ፎቶ አንሺው እንጂ የሚነሣው ሰው አይደለም።

የዘርፉ ዋነኛ ምሳሌ የኒው ዮርክ ታይምስ ፎቶ አንሺ ጆርጅ ቴምስ ያነሣው የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ምስል ነው። ፎቶው የተነሣው ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1961፣ ኬኔዲ ሥልጣን በያዙ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዋይት ሐውስ ኦቫል ቢሮ ነው። ፕሬዚዳንቱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ተክለው፣ አቀርቅረው ከጀርባ ይታያሉ። ቴምስ የብርሃኑን መጠን የለካው ለመስኮቱ በሚስማማ መንገድ ስለነበር፣ ከመስኮቱ ፊት ያሉት ሰው ጥቁር ጥላ ሆነው ወጥተዋል። ምስሉ «እጅግ ብቸኛው ሥራ» በሚል ርእስ ታወቀ።

ኬኔዲ በዚያች ሰዓት ግን ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። ለረጅም ጊዜ የቆየ የወገብ ሕመም ስለነበረባቸው ብዙ መቀመጥ ይከብዳቸዋል፤ ቆመው በእጃቸው ተደግፈው ማንበብ ልማዳቸው ነበር። ቴምስም ይህን ከምክር ቤት ዘመናቸው ጀምሮ ያውቃል። ከጎናቸው ዞሮ ሲጠጋ ፕሬዚዳንቱ አይተውት፣ የዚያው የራሱ ጋዜጣ ዓምደኛ አርተር ክሮክ በጻፈው ነገር ማማረራቸውን በኋላ ተናግሯል።

ምስሉን ያቆመው ፊቱ አለመታየቱ ነው። ከፊት ለፊት ቢነሡ ኖሮ ጋዜጣውም፣ ምናልባትም ንዴታቸው፣ በታየ ነበር፤ ከጀርባ ግን የማንም መሪ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ለሕመሙ ሲባል የጎበጠው ትከሻ የአገር ሸክም የተጫነው መሰለ። ሸክሙ የውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ የመጣው ግን ከወገብ ነው። ብዙዎች ፎቶውን ከኦክቶበር 1962ቱ የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ጋር ያያይዙታል፤ ሲነሣ ግን ቀውሱ ሊደርስ ሃያ ወራት ያህል፣ በዚያችው ኩባ ላይ የተደረገው የአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራም ሁለት ወር ያህል ይቀሩት ነበር። ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ከተገደሉ ወዲህ ደግሞ የሐዘን ምስል ሆኖም ይታያል።

ዩሱፍ ካርሽ ዲሴምበር 30 ቀን 1941 በኦታዋ ፓርላማ የእንግሊዙን ጠቅላይ ሚኒስትር የዊንስተን ቸርችልን ፎቶ ሲያነሣ የተከተለው መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ብርሃኑ የተሰናዳ ነበር፣ ፊቱም በሙሉ ይታያል። ሲጋራቸውን ከአፋቸው መንጭቆ ሲወስድባቸው የቸርችል ፊት ተኮሳተረ፤ ካርሽም ያንኑ ያዘ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእንግሊዝ ባለ አምስት ፓውንድ ኖት ላይ ያለው፣ ብዙዎች ለናዚ አልንበረከክም የሚል ቁርጠኝነት የሚያነቡበት ፊት ይኸው ነው።

የዋይት ሐውስ ፎቶ አንሺ ፒት ሱዛ ሜይ 1 ቀን 2011 ኦሳማ ቢን ላደን በተገደለበት ዘመቻ ወቅት ያነሣው ምስል የቡድን ነው፤ ቢሆንም ከዚሁ ዘርፍ ይመደባል። ባራክ ኦባማ ትእዛዙን የሰጡት ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ስለዚህ በምስሉ ውስጥ የሚወስን የለም፤ ሁሉም የሚጠብቁ ናቸው። ኦባማ በጠረጴዛው ራስ ያለውን ወንበር ለአንድ ጄኔራል ትተው ጥግ ይዘዋል፤ የተመልካች ዓይን ግን ከእሳቸው ይልቅ አፋቸውን በእጃቸው ወደ ከደኑት ወደ ሂላሪ ክሊንተን ይሄዳል። የዓለም ጋዜጦች ድንጋጤ ነው ያሉትን ይህን እጅ፣ ክሊንተን በኋላ ሲጠየቁ ምናልባት በአለርጂ የመጣ ሳል አፍነው ይሆናል ብለዋል።