ካሜራው የወራሪው፣ ዱካው የአርበኛው፦ ጦርነትን በፊልምና በቅርስ ጎዳና መዘከር

(በጌጫ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ? የአውሮፓ የታሪክ መጻሕፍት 1939 እ.ኤ.አ. ብለው ይመልሳሉ። ለእኛ ግን ጦርነቱ የጀመረው ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቀድሞ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት መረብን ሲሻገር ነው። የቀኑ ምርጫ የአቆጣጠር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መነሻውን ሌላው ከወሰነ፣ ማን እንደ ተዋጊ፣ ማን እንደ ተመልካች እንደሚቈጠርም የሚወስነው እርሱ ነው።

ይህ ምድር ከዚያ ጦርነት ዳር ነበር የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ እንዲሆን የታሰበው ከዚህ በስተ ሰሜን ያለው ጎሬ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መንግሥቱን በዚያ እንዲይዙ ተሰየሙ፤ ራስ እምሩም ከጎጃም ተነሥተው ወደ ጎሬ አቀኑ። ጎሬ የተመረጠችው በአጋጣሚ አልነበረም። ከ1894 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ስለ ነበራቸው፣ የዚህ አገር ቡና በጎሬ በኩል ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። በሰላሙ ዘመን ቡና የተጓዘበት መስመር በጦርነቱ ዘመን ተስፋ የተጣለበት መስመር ሆነ።

በዚያው ክረምት በወለጋ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተመሠረተ። አብዛኞቹ አባላቱ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሊቀ መንበሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አወጣ። ደንቡ የፖለቲካው አመራር ከጦሩ በላይ እንዲሆን ያዛል፤ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ፣ ገበሬው እንዳይበደልም ይደነግጋል። ከጊዜ በኋላ ማኅበሩ ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቀለ። ጠላት በየአቅጣጫው ሲከብባቸው ወደ ደቡብ አፈገፈጉ፤ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። እጃቸውን ከሰጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ግን ከሁለት ወር በኋላ፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ በተካሄደው የምሁራን ግድያ አለቁ።

የጦርነቱ ፍጻሜም ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ በምዕራቡ ውጊያው ቀጥሎ ነበር። በጅማ ዙሪያ እነ ገረሱ ዱኪ ጠላትን አስጨንቀው ይዘውት ነበር፤ ከተማዋም በሰኔ ወር ነጻ ወጣች። በሌላው በኩል በቤልጂግ ኮንጎ የተመለመሉ አፍሪካውያን ወታደሮች በሱዳን አቋርጠው መጡ፤ በመጋቢት አሶሳንና ጋምቤላን፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ያኔ ሳዮ ትባል የነበረችውን ደምቢ ዶሎን ያዙ። ጄኔራል ጋዜራ ከሌሎች ጄኔራሎች ጋር የተማረከው በዚያ ነው። ዛሬ በኮንጎ፣ ፋራጄ በተባለች ከተማ፣ የአሶሳ፣ የጋምቤላና የሳዮ ስም የሚዘከርበት ሐውልት አለ። የእኛ ከተሞች ስም በሌላ አገር ድንጋይ ላይ ሲነበብ፣ ያ ድንጋይ የሚዘክራቸው ወታደሮች ታሪክ በእኛ ትምህርት ቤቶች ስንት ጊዜ ይነሣል?

አገራዊ መታሰቢያዎቻችን በአብዛኛው በዋና ከተማችን ናቸው፤ የስድስት ኪሎው የሰማዕታት ሐውልትና የአራት ኪሎው የድል ሐውልት ይጠቀሳሉ። የሚገባቸው ክብር አላቸው። ነገር ግን ሐውልት አይጓዝም፤ የጌጫ ተማሪም ሁሉ አዲስ አበባ አይደርስም። ፊልምና የቅርስ ጎዳና የሚያስፈልጉን ስለዚህ ነው።

በፊልም ልጀምር። የጦርነቱ ተንቀሳቃሽ ምስል አብዛኛው የተቀረጸው በወራሪው ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የኢጣሊያ መንግሥት የፊልም ተቋም፣ ኢስቲቱቶ ሉቼ፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ከሠራዊቱ ጋር አዘመተ። የሶቪየት የፊልም ባለሙያዎችም በኢትዮጵያ በኩል ሆነው ቀርጸዋል፤ ብዛቱ ግን አይወዳደርም። በሉቼ ፊልም መንገድ ሲሠራ፣ ሰንደቅ ሲሰቀል፣ ሕዝብ ተሰልፎ እጅ ሲነሣ ይታያል። የመርዝ ጋዝ አይታይም። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምስል ያለ ማብራሪያ በአደባባይ ማሳየት የወራሪውን ስብከት እንደገና መስበክ ይሆናል።

ለዚያ ምስል መልስ የሚሰጡ ሥራዎችም አሉ። ቢቢሲ በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን፣ የኢጣሊያን የጦር ወንጀል የሚመረምር ዘጋቢ ፊልም የኢጣሊያ ቴሌቪዥን ገዝቶ ሳያሳየው ቀረ። ስለ ሊቢያው አርበኛ ዑመር አል ሙኽታር በ1981 እ.ኤ.አ. የተሠራው ፊልምም በኢጣሊያ ለረጅም ዘመን ታግዷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሠራለት፤ ይህንንም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘጋቢ ፊልም መርምሮታል። መታሰቢያ በራሱ በጎ ነገር አይደለም፤ ጥያቄው ማንን፣ ለምን ይዘክራል የሚለው ነው።

ካሜራው ያልያዘውን የሚይዘው መሬቱ ነው። ጎጀብን በዓይኑ ያየ፣ ከጎሬ በማሻ ወደ ጌጫና ወደ ቴፒ የሚወስደውን ዳገትና ጫካ በእግሩ የሄደ ተማሪ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ስንቅና ጥይት ተሸክሞ መጓዝ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ በተሻለ ይረዳል። ጎሬን፣ ጎጀብንና ጋምቤላን የሚያያይዝ የቅርስ ጎዳና የጦርነቱን መጀመሪያና መጨረሻ በአንድ መስመር ያስተምራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ልናልፈው አይገባም። የሸካና የከፋ ምድር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በጦር ኃይል ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሲጠቃለል፣ የገባር ሥርዓትና የባሪያ ንግድ ሕዝቡን አራቁተውታል። ራስ እምሩና ጥቁር አንበሶች በምዕራቡ ሲንቀሳቀሱ የአገሬውን ሰው ድጋፍ በየቦታው ያላገኙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ፋሺስቱም ይህን ቁስል ያውቅ ነበር፤ ባርነትን ላጠፋ መጣሁ እያለ ለዓለም ለፈፈ። ያው ነጻ አውጪ ነኝ ባይ በ1929 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ የዘር ሕግ አወጣ። ባርነትን በሕግ የመሻሩ ሥራ በነጻይቱ ኢትዮጵያ በ1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ተደነገገ።

ስለዚህ በጎዳናው ላይ የሚቆመው ሰሌዳ «ሕዝቡ በአንድ ልብ ተነሣ» ብሎ ብቻ ቢዘጋ፣ የገባር ልጅ ልጅ አንብቦ ያልፈዋል፤ የራሱ ነገር አይሆንለትም። የአርበኛውን ጀግንነት የገባሩን መከራ በመደበቅ ማክበር አይቻልም። የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ገበሬው አይበደል ብለው በደንባቸው መጻፋቸው፣ ይህን እውነት እነርሱም እንዳዩት ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የፊልም ዝግጅቱ የተመልካች ብቻ ሳይሆን የውይይት ይሁን። ምስሉ ከመታየቱ በፊት ማን እንደ ቀረጸው ይነገር፤ በአማርኛና በሸኪ ኖኖ ይብራራ፤ በመካከል እየቆመ ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ የቃል ምስክርነት ከሰሌዳ በፊት ይሰብሰብ። በ1928 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በሆነው ነበር፤ አሁን የቀሩን ከአባትና ከእናት የሰሙ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። ሦስተኛ፣ ጎዳናው ለጫካው የተገባ ይሁን። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። ዛፍ ቆርጦ ሲሚንቶ ማቆም መታሰቢያ አይሆንም፤ መንገድ መሪነቱና ገቢው ለአካባቢው ወጣት ይሁን፣ ምልክቱም ትንሽ ይሁን።

ውድ ተማሪዎች፣ ካሜራው የወራሪው ስለ ነበር ምስሉ በሌላው እጅ ቀርቷል። ዱካው ግን በእናንተ መንደርና በአያቶቻችሁ አንደበት አለ። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሩአችሁንም ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ ጻፉት።