ጭቃውን ማን ያልፈዋል? ፈረሱ፣ ጋሪውና ባለ ወፍራም ጎማው ብስክሌት

ነሐሴ ላይ እንጅባራን አይታችኋታል? ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ዝናቧም አያልቅም። ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ካላችሁ ቀዩ ጭቃ ጫማችሁን ይዞ ያስቀረዋል። እዚህ ጭቃ ውስጥ በተራ ብስክሌት እህል ጭናችሁ ብትገቡ ሩቅ አትሄዱም። ፈረስ ግን ጭነቱን ይዞ ያልፋል። ለምን ይመስላችኋል?

አዊዎች ለፈረስ ያላቸውን ክብር ታውቁ ይሆናል። ፈረሶች በዓድዋ የሠሩትን ውለታ ለመዘከር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና ከአገራችን ሳይወጣ። በዓሉ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ይከበራል። ክብሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ፈረስ ለብዙ ዘመን መኪናም አምቡላንስም ሆኖ አገልግሏል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ፈረሱ ከነጭነቱ 320 ኪሎ ቢመዝን፣ አንዱ ኮቴ ደግሞ 80 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቆሞ ሳለ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 1 ኪሎ ነው። በደንብ የተነፋ የቀጭን ብስክሌት ጎማ ግን 6 ኪሎ ገደማ ያሳርፋል። እናንተ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ ተደምራችሁ 110 ኪሎ ብትሆኑ፣ ሁለቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩት በ18 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ የአንድ ክብሪት ሳጥን ስፋት ነው! ባይሰምጥ ነበር የሚገርመው። በዚያ ላይ ፈረስ እግሩን ነቅሎ ያነሣል፤ ጎማ ግን ራሱ ከቆፈረው ቦይ እየታገለ መውጣት አለበት።

መፍትሔው የጀመረው ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ። ዛሬ በዳንግላ መንገድ የምታዩት ጋሪ በመኪና ጎማ የሚሄደው የዚህ ሐሳብ ወራሽ ስለሆነ ነው።

መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ደግሞ ጭንቀቱ በረዶ ላይ መጣ። አላስካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 በበረዶ ላይ የብስክሌት ውድድር ተጀመረ፤ ተራው ጎማ ግን ይሰምጥ ነበር። ብልሃተኞች ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን በየዱ። ሳይመን ራኮወር የተባለው ሰው 44 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቸርኬ አወጣ። በኒው ሜክሲኮ አሸዋ ላይ ደግሞ ሬይ ሞሊና 82 ሚሊ ሜትር አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰርሊ የተባለው ኩባንያ ፐግስሊ የተሰኘውን ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ አዳኞች ሳይቀሩ ድንኳናቸውንና ሥጋውን የሚያጓጉዙበት ሆኗል።

እንዲህ ያለውን ብስክሌት መሥራት የሚፈልግ ሰው ጎማ ብቻ ቢለውጥ አይበቃውም። ሰፊ ቸርኬ ያስፈልገዋል፤ ጎማው እንዲገባም ቴላዮውና የፊት ሹካው ሰፋ ማለት አለባቸው። ዋናው ምስጢር ግን አየሩ ነው። ጎማው ሰፊ ስለሆነ በግማሽ ኪሎ ግፊት ብቻ ይሄዳል። 110ን ለ0.5 አካፍሉት፤ 220 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አንዱ የክብሪት ሳጥን 12 ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ፈረሱ ተሸነፈ? ቆይ፣ አትቸኩሉ። በረዶና አሸዋ አይጣበቁም፤ የእንጅባራ ጭቃ ግን ይጣበቃል። በጎማውና በቴላዮው መካከል ሞልቶ ብስክሌቱን ቀጥ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአዊ የሚሠራ ሰው ከአላስካው የበለጠ ክፍተት መተው ይኖርበታል። በክረምት የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት ከመንገድ ርቀው ሲገኙ፣ ይህቺ የጣት ስፋት ክፍተት ትልቅ ቁም ነገር ናት።

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሩ። ብስክሌት ካላችሁ ለስላሳ አፈር ላይ ንዱት፤ ከዚያ ከጎማው ጥቂት አየር አስተንፍሱና እንደገና ንዱት። የሁለቱን ዱካ ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። የትኛው ጠለቀ?