አንድ ዘር፣ ብዙ ስም፦ የቲማቲም ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ባለፈው በጋ እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ በአንዲት ጓሮ የተከልነው ቲማቲም ነው። ዘሩን በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የገዛነው፤ ስሙን ስንጠይቅ "ሮማ" ተባልን። ሮማ አጭር ነው፣ ብዙ ድጋፍ አይፈልግም ብለን አንድ እንጨት እንኳ ሳናዘጋጅ ተከልን። ቲማቲሙ ግን ማደጉን አላቆመም፤ ደረታችን ደረሰ። ፍሬው ክብ፣ ውሃው የበዛ ሆነ፤ ግማሹም መሬት ላይ ተኝቶ በሰበሰ። ሻጩ ዋሸን እያልን አይደለም፤ እሱም የገዛው "ሮማ" ተብሎ ነው።

እኛ ያጣነው የአንድ ጓሮ ቲማቲም ነው። መሬት ተከራይቶ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በብድር ገዝቶ ለሚተክል ሰው ግን የሚጠፋው የዓመት ገቢው ነው። ስለዚህ ስለ ቲማቲም ዘር ስሞች ያገኘነውን በአንድ ቦታ ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። አስቀምጡት፣ ዘር ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

🍅 "የሀበሻ ቲማቲም" ምንድን ነው?

ቲማቲም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ለምቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ገባ። ስለዚህ እኛ ጋ "የሀበሻ" ሲባል ከጥንት ጀምሮ የኛ የነበረ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ከውጭ ገብቶ፣ ሰው ከፍሬው ዘር እያወጣ ለብዙ ዓመት ሲተክለው የኖረ ማለት ነው። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ከቤተሰብ የተወረሰ ዘር "ሄርሉም" ይሉታል። ልብ በሉ፣ "የሀበሻ"ም ሆነ "ሄርሉም" የዝርያ ስም አይደለም። በውስጡ ብዙ ዓይነት ዝርያ አለ።

የጅማ ሰው ይህን ከቡና ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ቡና ውጭ አገር ሲሸጥ ከረጢቱ ላይ "ሄርሉም" ተብሎ ብቻ ይጻፋል። እዚህ ግን መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል እያንዳንዱን ዝርያ በቁጥር ነው የሚያውቀው፦ 74110፣ 74112፣ 74158 እያለ። 74110 እ.ኤ.አ በ1974 ከመቱ አካባቢ ተመርጦ በ1979 የተለቀቀ ነው። መነሻው፣ ዓመቱ፣ ባህሪው ሁሉ ተመዝግቧል። "ሄርሉም" የሚለው ቃል ግን ከዚህ አንዱንም አይነግራችሁም። የቲማቲምም ነገር እንደዚያው ነው።

🍅 በገበያ የምትሰሟቸው ስሞች

👉 ሮማ ቪኤፍ፦ ሮማ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተዳቅሎ በ1950ዎቹ የወጣ ነው። አጭር ነው፣ ፍሬው ሞላላና ሥጋው ወፍራም፣ ለሳልሳ የሚሆን። "ቪኤፍ" የሚሉት ሁለት ፊደላት ከአፈር የሚመጡ ሁለት የማጠውለግ በሽታዎችን እንደሚቋቋም ያሳያሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪኤፍ ስለተባለ በሽታ አይነካውም ማለት አይደለም። በክረምት ዝናባችን ቅጠሉን የሚያጠቁረውን፣ ድንችንም የሚመታውን ሌት ብላይት አይቋቋምም።

👉 ማርግሎብ፦ ይሄም የአሜሪካ ነው፣ በ1925 የወጣ። ማርቭል እና ግሎብ የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ስለተገኘ ስሙም የሁለቱ ድብልቅ ሆነ። ፍሬው ክብ ነው።

👉 መኒሜከር፦ የቆየ የእንግሊዝ ዝርያ ነው። ረጅም ነው፣ የግድ እንጨትና ገመድ ይፈልጋል።

👉 መልካሳልሳና መልካሾላ፦ ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው ለምን እንደተመረጠ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ለሳልሳ ነው።

👉 ቢሾላ፣ እሸት፣ መታደል፣ ፈጣን፣ ሚያ፦ እነዚህም ከዚያ በኋላ በምርምር የተለቀቁ የአገር ውስጥ ስሞች ናቸው።

👉 ሻንቲና ጋሊሊያ፦ ከውጭ የሚገቡ ድቅል ዘሮች ናቸው፣ "ኤፍ ዋን" የሚባሉት። እነዚህን ለብቻ ያየናቸው በምክንያት ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

🍅 ስሙ የሚደበላለቀው የት ላይ ነው?

1ኛ፦ ቅርጽ ስም ሲሆን። ገበያ ላይ ሞላላ የሆነ ቲማቲም ሁሉ "ሮማ" ይባላል። ከዚያ ፍሬ ዘር ያወጣ ሰው "የሮማ ዘር" ብሎ ይሸጣል። ሞላላ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ግን ብዙ ናቸው፤ ድቅሎቹም ውስጥ አሉ።

2ኛ፦ ከቆርቆሮ ወደ ማንኪያ። ዘሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ቆርቆሮው ላይ የዝርያው ስም፣ የምድብ ቁጥሩ፣ የብቅለት መቶኛውና የተፈተነበት ቀን አለ። ሙሉ ቆርቆሮ የመግዛት አቅም የሌለን ሰዎች በማንኪያ ተለክቶ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ዘሩ በወረቀት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ጽሑፉ ግን ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ስም የሚታመነው በሻጩ ማስታወስ ልክ ነው።

3ኛ፦ አገርና ድርጅት ስም ሲሆን። "የሆላንድ ዘር"፣ "የእስራኤል ዘር" የሚባል ዝርያ የለም። አንድ ድርጅት በደርዘን የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሊሸጥ ይችላል።

4ኛ፦ ኤፍ ዋን ተመልሶ ሲዘራ። ኤፍ ዋን ማለት ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ማሳው ሙሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ለዚህም ነው የሚወደደው። ከሱ ፍሬ ዘር ብታወጡ ግን ልጆቹ አይመሳሰሉም። ለምሳሌ አንዱ ወላጅ አጭር፣ ሌላው ረጅም ቢሆኑ ኤፍ ዋኑ በሙሉ ረጅም ይሆናል፤ በቀጣዩ ትውልድ ግን ከአራቱ አንዱ ያህል አጭር ሆኖ ይወጣል። ፍሬውም፣ በሽታ መቋቋሙም እንደዚሁ ይበታተናል። በድሮው ስም ሲሸጥ ገዢው የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው።

ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ "ሞርጌጅ ሊፍተር" የሚባል ዝነኛ ነባር ቲማቲም አለ፣ "የቤት ዕዳ አቃላይ" እንደማለት ነው። በዚሁ ስም የሚታወቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዊልያም ኤስለርና "ራዲዬተር ቻርሊ" የተባለው መካኒክ፣ ሁለቱም ከዌስት ቨርጂኒያ። ስሙ አንድ፣ ቲማቲሙ ሁለት። ስለዚህ ዛሬ ጠንቃቃ ሻጮች ከዝርያው ስም አጠገብ የማን እንደሆነ ይጽፋሉ።

🍅 እንዴት እናጣራ?

ከመግዛታችሁ በፊት፦ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዝርያው ማን ይባላል? ኤፍ ዋን ነው ወይስ አይደለም? መቼ ነው የተፈተነው? በማንኪያ የምትገዙ ከሆነ ቆርቆሮውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ችግር ቢመጣ ግን ያላችሁ ማስረጃ እሱ ነው።

ከመዝራታችሁ በፊት፦ 20 ፍሬ ዘር ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ እንዳይደርቅ ተከታተሉት። ከ10 ቀን በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። 16 ከበቀለ 80 በመቶ ማለት ነው። ከግማሽ በታች ከሆነ ዘሩ አርጅቷል።

ችግኝ ላይ፦ ቅጠሉን እዩ። የተለመደው የቲማቲም ቅጠል ጠርዙ የተቆራረጠ ነው። አንዳንድ ነባር ዝርያዎች ግን እንደ ድንች ቅጠል ጠርዙ ለስላሳ ነው። በአንድ መደብ ላይ ሁለቱም ከታዩ ዘሩ ተደባልቋል።

ሲያድግ፦ የአበባ ዘለላውን ቁጠሩ። ረጅሙ ዓይነት በየሦስት ቅጠሉ አንድ ዘለላ እያወጣ ጫፉ ማደጉን ይቀጥላል። አጭሩ በየአንድ ወይም ሁለት ቅጠሉ ያወጣና ጫፉ ላይ በአበባ ይቆማል። "ሮማ" ተብሎ የተሸጠላችሁ ካልቆመ ሮማ አይደለም።

ሲበስል፦ ልጣጩን ላጥ አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። የቀይ ቲማቲም ልጣጭ ቢጫ ነው፤ የሮዝማው ልጣጭ ቀለም የለውም።

🍅 የራሳችሁን ዘር ማስቀመጥ ይቻላል?

ኤፍ ዋን ካልሆነ አዎ፣ ያውም በቀላሉ። የቲማቲም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ ወላጁን ይመስላል። ጤነኛና የዝርያውን ባህሪ በደንብ ከሚያሳዩ ተክሎች፣ በደንብ የበሰለ ፍሬ ምረጡ። ዘሩን ከነውሃው ብርጭቆ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ቀን አቆዩት፤ ሲቦካ ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ይለቃል። እጠቡት፣ ሳህን ላይ በጥላ አድርቁት። ወረቀት ላይ ካደረቃችሁት ይጣበቃል። እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አገር ዋናው ጠላት እርጥበት ስለሆነ በደንብ የሚዘጋ ጠርሙስ ውስጥ አኑሩት። በደንብ የደረቀ ዘር አራትና አምስት ዓመት ይቆያል።

ጠርሙሱ ላይ ስሙን፣ ከማን እንዳገኛችሁትና ዓመቱን ጻፉ። ስሙን ካላወቃችሁት አትፍጠሩለት። "ከእማማ እገሌ ጓሮ፣ ረጅም፣ ክብ፣ ቀይ" ብሎ መጻፍ ያልሆነውን "ሮማ" ከማለት መቶ እጥፍ ይሻላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ2005 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 782፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ ቁጥር 1288 የዘር አዋጆች ወጥተዋል። 782/2005 ለገበያ የሚቀርብ ዘር መለያ ጽሑፍ እንዲኖረው ሲያዝ፣ አነስተኛ ገበሬዎች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን የራሳቸውን ዘር ግን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። ማለትም ከጎረቤት ሰኚ መቀባበል ነውርም ወንጀልም አልነበረም። ጥያቄ ካላችሁ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ፣ ወይም ከ1952 እ.ኤ.አ ጀምሮ ግብርና ሲያስተምር የኖረውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ጠይቁ።

እኛ በዚህ በጋ እንደገና ልንተክል ነው። በዚህኛው ዙር እንጨቱንም አዘጋጅተናል፣ ቆርቆሮውንም ፎቶ አንስተናል። እናንተም በአንድ ስም ገዝታችሁ ሌላ የበቀለላችሁ ካለ የቅጠሉን፣ የፍሬውንና የማሸጊያውን ፎቶ ላኩልን። የሱቁን ስም አንፈልግም፤ የምንፈልገው ምን ተብሎ ተሸጦ ምን እንደበቀለ ነው።